ለእህቴ ቤት ልገዛ ወደ ጋይንት

ጋይንት ቤት ልገዛ እሄዳለሁ ስል ድሬዳዋ ውስጥ የሰማኝ ሰው ሁሉ መልሱ አንድ ነበር፤ «እሱ ደግሞ የት ነው?» አልፈርድባቸውም። እኔም እስከዚያ ድረስ ስሙን ከመስማት በቀር የማውቀው ነገር አልነበረኝም። አሁን ደርሼ ስለተመለስኩ፣ ለእነሱም፣ መቼም ለማይሄዱትም ሁሉ እንዲሆን፣ ያየሁትንና የደረሰብኝን እንደየቀኑ ላውጋው።

ነገሩ የእህቴ ነው። ታናሽ እህቴ ሰላም ኩዌት ውስጥ በሰው ቤት እየሠራች ብዙ ዓመት ቆይታለች። ባሏን ጌታቸውን ያገኘችውም እዚያው ነው፤ የጋይንት ልጅ ነው፣ ሹፌር። ሲመለሱ የት እንደሚኖሩ ሲማከሩ እሷ፣ የድሬ ልጅ፣ «ከእንግዲህ ሙቀት ማየት አልፈልግም» ብላ የእሱን አገር መረጠች። ነፋስ መውጫ ከተማ ላይ የሚሸጥ ቤት ተገኘ። የጌታቸው ወንድም እንዳላማው እዚያው አስተማሪ ስለሆነ «ለምን እሱ አይገዛላችሁም?» ብላት፣ «እሱ ጨዋ ነው፤ የተጠየቀውን ይከፍላል። አንቺ ግን ዕድሜሽን ሙሉ ከሰው ጋር በዋጋ ስትናነቂ የኖርሽ ነጋዴ ነሽ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ጨርቅ እሸጣለሁ። ውክልናውን ላከች፤ ገንዘቡን በእኔ ሂሳብ አስገባች፤ መጨረሻውንም ነገረችኝ፦ አንድ ሚሊዮን ብር። «ከዚያ በላይ የለኝም። ዝቅ ባደረግሽልኝ ቁጥር ግን ቶሎ እመለሳለሁ» አለች። ይህችን የመጨረሻዋን ቃል ይዤ ነው የተነሳሁት።

ማክሰኞ

ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በአውሮፕላን፣ ከባሕር ዳር በሚኒባስ። ድሬ ላይ ሚኒባስ ማለት ሙዚቃ ነው፣ ክርክር ነው፣ ከኋላ ወንበር የሚወረወር ቀልድ ነው። እዚህ ግን ማንም አያወራም። ሾፌሩ ከፊት መኪና ሲመጣ መስኮቱን ያወርድና «እንዴት ነው?» ይላል። «ደህና ነው» ሲባል እንቀጥላለን። ደብረ ታቦር የደረስነው በዚህች ቃል እየተገፋን ነው። መንገድ ላይ ወርደን ተሰልፈን ተፈተሽን። መታወቂያዬን ያየው ወጣት «ድሬዳዋ? እዚህ ምን ልትሠሪ?» አለኝ። «ቤት ልገዛ» ስለው ወደ ጓደኛው ዞሮ፣ «ሰው ቤቱን ሸጦ ይሄዳል፣ እሷ ልትገዛ መጣች!» አለ። ተሳፋሪው ሳቀ። በዚያ መንገድ የሰማሁት ሳቅ እሱ ብቻ ነው።

ከደብረ ታቦር በኋላ መንገዱ ወደ ጉና ሲወጣ ብርዱ ጀመረ። እኔ በነጠላ ጫማና በስስ ቀሚስ ነኝ። ጎኔ የተቀመጡ ባልቴት ጥርሴ ሲንገጫገጭ ሰምተው የጋቢያቸውን ግማሽ ደረቡልኝ።

«የየት ልጅ ነሽ?»

«የድሬዳዋ።»

«እዚያ ብርድ የለም?»

«የለም እማማ።»

«እንግዲያ ምን ልሁን ብለሽ መጣሽ?»

ጋቢውን ወደ እኔ ሳብ አደረግሁ። በመስኮቱ በኩል አጨዳው ያለቀ የገብስ ማሳ፣ ከዚያ በኋላ ድንጋይ፣ ከዚያ በኋላ ጭጋግ ብቻ ነበር የሚታየው።

ነፋስ መውጫ መናኸሪያ ላይ እንዳላማው ጠበቀኝ። ቀጭን፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ሲናገር መሬት መሬት የሚያይ ሰው ነው። ሚስቱ ጥሩዬ ገበያ ላይ እህል ትነግዳለች። ገና ደጃፉ ላይ እግሬን አይታ «ኧረ ይህች ልጅ ልትሞትብን ነው!» ብላ ከራሷ እግር የሱፍ ካልሲ አውልቃ አጠለቀችልኝ። አልጋቸውን ለቀው እነሱ ወለል ላይ አነጠፉ። ብለምን ብለምን አልሆነም። በእኛ አገር ሙቀት ሲበረታ ሰው አልጋውን ግቢ አውጥቶ ሰማይ እያየ ይተኛል። እዚያ ግን ጋቢ፣ በጋቢው ላይ ቡልኮ፣ በቡልኮው ላይ ብርድ ልብስ ተጭኖብኝ አፍንጫዬ እንደ በረዶ ነበር።

ረቡዕ

ደላላው ሞላ ይባላል። የቆዳ ጃኬት የለበሰ፣ ሁለት ስልክ የያዘ፣ ፈጣን ሰው ነው። ቤቱን ሲያሳየኝ እሱ ያወራል፣ እኔ ዝም ብዬ አያለሁ። የእንጨትና የጭቃ ቤት ነው፤ ግን ልስኑ የተስተካከለ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ማዕዘኑ ሁሉ ልክ። ሁለት ክፍልና ጓዳ፤ ከፊት ለፊት ደግሞ ወደ መንገዱ የሚከፈት ሱቅ። የሱቁ መደርደሪያ አዲስ ነው። አንድም ዕቃ ተቀምጦበት አያውቅም። የመጋዙ ብናኝ እንኳ ከሥሩ አልተጠረገም። በልቤ ወደድኩት፤ በፊቴ ግን ምንም አላሳየሁም። ሥራዬ ነው።

ባለቤቱ መጡ። መሪጌታ ፈንታ ይባላሉ። በታች ጋይንት ቤተ ልሔም ዜማ የሚያስተምሩ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ናቸው። ረጅም ናቸው፤ ነጭ ጥምጥም፣ ነጭ ኩታ፣ በእጃቸው መቋሚያ። እንዳላማውና ሞላ ከወገባቸው ጎንበስ አሉ። እኔ ደግሞ፣ እንደ ለመድኩት፣ ፈገግ ብዬ እጄን ዘረጋሁና፦

«እሺ አባባ፣ ስንት ነው ያልከው ቤቱን?»

ሞላ አፉን እንደከፈተ ቀረ። የእንዳላማው ፊት ሲቀላ አየሁ። ምን እንዳጠፋሁ እንኳ አልገባኝም ነበር። ድሬ ላይ አባትም፣ ቄስም፣ ሀጂም፣ የባንክ ሥራ አስኪያጅም «አንተ» ነው። እናቴ ያሳደገችኝ «አንቱ ያለ ሰው ሊያጭበረብርሽ ነው» እያለች ነው።

መሪጌታ እጄን ጨበጡኝ። «ከየት ነሽ ልጄ?» አሉኝ።

«ከድሬዳዋ።»

«መልካም አገር ነው አሉ» ብለው መቋሚያቸውን አነሱ። «ዋጋውን ሞላ ይንገርሽ።»

ሞላ «አንድ ሚሊዮን ከሁለት መቶ ሺህ» አለ። እኔም ነገሩን ላሻሽል ብዬ የማውቀውን አደረግሁ፤ ሳቅሁ፣ ራሴን ነቀነቅሁ፣ «ሰባት መቶ» አልኩ። ድሬ ላይ እንዲህ ሲባል ሻጩ ደረቱን ይመታል፣ ይምላል፣ ሂጂ ይልሻል፣ መልሶ ይጠራሻል። እሳቸው አንድም አላደረጉም። በሩ ላይ ቆም ብለው፣ «ልጄ፣ ቤቱን አይተሽዋል። አስቢና የሚመስልሽን ንገሪኝ» ብለው ወደ መናኸሪያው ሄዱ።

ማታ ሰላም ደወለች። የሆነውን ስነግራት ከኋላዋ የጌታቸው ድምፅ ተሰማኝ፤ «አንተ አለቻቸው? መሪጌታ ፈንታን?» እሱን ዝም አሰኝታ «ሮሚ፣ ስሚኝ» አለች። «ከዘጠኝ መቶ…» ስልኩ ተቋረጠ። መልሼ ብደውል ኔትወርክ የለም። ከዘጠኝ መቶ አትለፊ? ከዘጠኝ መቶ ጀምሪ? ስልኬን ይዤ ግቢውን ዞርኩት። ጥሩዬ «ተይው፣ ለአንች ብቻ አይደለም፤ የአገሩ ሁሉ ነው የጠፋው» አለችኝ። መቼ እንደሚመለስ ስጠይቃት ትከሻዋን ነቀነቀች።

ሐሙስ

ኔትወርኩ እንደ ጠፋ ነው። እሱ ሲጠፋ ባንኩም አብሮ ይጠፋል። በሩ ክፍት ነው፤ ሠራተኞቹ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። እኛ ጋ መብራት ሲጠፋ ሰው ይንጫጫል። እዚህ ሰው ባንኩ ደጃፍ ላይ ይቆማል፣ ወደ ውስጥ ያያል፣ ይሄዳል።

ረፋዱ ላይ ሞላ እየተጣደፈ መጣ። ወንበሩን ወደ እኔ አስጠግቶ፣ «ምንም እንዳታደርጊ። ቁጭ በይ። መሪጌታው ቸኩለዋል። እስከ እሑድ መሸጥ አለባቸው። ሌላ ገዢ የለም፤ በዚህ ጊዜ ማን ቤት ይገዛል? በስድስት መቶ ይሰጡሻል» አለኝ።

«እሑድ ምን አለ?»

«የራሳቸው ጉዳይ ነው። ለእኛ ግን ጥሩ ጉዳይ ነው።»

ስድስት መቶ! በአራት መቶ ሺህ ብር ልዩነት ሰላም ስንት ዓመት ቀደም ብላ እንደምትመለስ በልቤ አሰላሁ። ደስ አለኝ። አልዋሽም፣ በጣም ደስ አለኝ።

ጥሩዬ ከጓዳ ሰምታለች። ሞላ እንደ ወጣ ሰፌዷን አስቀምጣ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«እሑድ ምን እንዳለ እኔ ልንገርሽ። የመሪጌታ ልጅ ማስተዋል ትባላለች፤ ያች አንዲቱ ናት ያለቻቸው። ያ ሱቅ የሷ ነበር የሚሆን። በሬ ሸጠው፣ ማር ሸጠው ለሷ ብለው ነው የሠሩት። ‹ሸቀጥ በምን ልሙላው?› አለችና፣ ትንሽ ሠርቼ ልምጣ ብላ ለማንም ሳትነግር ወጣች። በጅቡቲ አድርጋ ባሕር ተሻግራ የመን ስትደርስ ያዟትና በሰንሰለት አሰሯት። አሁን ድምጧን ይልኩላቸዋል፤ እስከ እሑድ ብር ካልላካችሁ እያሉ።»

ምን ዓይነት ድምፅ እንደሆነ አልጠየቅኋትም። በእኛ ከተማ የሚያልፉትን ልጆች አውቃቸዋለሁ፤ ከሱቄ ፊት ለፊት ጥላ ፈልገው ይቀመጣሉ፣ ማታ የሉም። የአንዳንዶቹም ወላጆች ፎቶ ይዘው መጥተው «አይተሻታል?» ብለውኝ ያውቃሉ።

እንዳላማው ከትምህርት ቤት ሲመለስ «ታውቅ ነበር?» አልኩት።

መሬቱን አየ። «አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ገንዘቡ የወንድሜና የእህትሽ ነው። ካወቅሽ ልብሽ ይራራል። እነሱስ ተሰቃይተው ያመጡት አይደለም ወይ?»

ጥሩዬ ድስቱን አንስታ በኃይል አስቀመጠችው። «ለክብረ በዓል ቤተ ልሔም ስትሄድ በየትኛው ዓይንህ ልታያቸው ነው?» አለችው።

«ጥሩዬ፣ ተይኝ።»

«አልተውህም!»

ያን ምሽት እኔ ለማን እንደምወግን አላውቅም ነበር። እንዳላማው ትክክል ነው፤ ሰላም በሌላ ሰው አገር የሌላ ሰው ልጅ እያጠበች፣ የራሷን ሳትወልድ ያጠራቀመችው ነው። ጥሩዬም ትክክል ናት። ሰላምን ልጠይቃት አልችልም። ያለኝ «ከዘጠኝ መቶ» የሚል የተቆረጠ ቃል ብቻ ነው።

ዓርብ

ጠዋት «ቢያንስ ይቅርታ ልጠይቃቸው፤ ውሰደኝ» አልኩት እንዳላማውን። ጋቢውን ለበሰ። በአርብ ገበያ በኩል ነው የሚኬደው፤ ቀኑ የገበያ ስለሆነ ሚኒባሱ እስከ በሩ ሞልቷል።

ግማሽ መንገድ ላይ ሾፌሩ ድንገት ቆመ። መንገዱ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል። ከጎን ቁልቁለት፣ ከጎን ቁጥቋጦ፤ ሰው የለም። ሾፌሩ ሞተሩን አላጠፋም፣ አልተነሳምም። ማን እንዳስቀመጠው፣ ለማን እንዳስቀመጠው የሚያውቅ የለም። አንዲት እናት የሕፃኗን ፊት በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ የእንዳላማውን ክንድ ይዤ ኖሯል፣ ጣቶቼ ሲያሙኝ ነው ያወቅሁት። ብዙ ቆየን። በመጨረሻ ከኋላ አንድ ሽማግሌ «ኧረ በሥላሴ፣ ገበያው ሊበተን ነው» ብለው ወረዱና ድንጋዩን አንድ በአንድ እያነሱ ወደ ዳር ማንከባለል ጀመሩ። ጨርሰው እጃቸውን አራግፈው ገቡ። ሾፌሩ ነዳ። ስለ ድንጋዩ አንድም ሰው አላነሳም፤ ስለ ባቄላ ዋጋ ማውራት ጀመሩ።

ከአርብ ገበያ ወዲያ በእግር ነው የሄድነው። በአህያና በእግር ወደ ገበያ የሚመጣው ሕዝብ ሁሉ «እንደምን ዋላችሁ» እያለ ሲያልፈን፣ እኛ ብቻ ገበያውን ትተን ወደ ኋላ የምንሄድ ነን። ነጠላ ጫማዬ ተበጠሰ። እንዳላማው በገመድ ቢያስረውም ድንጋዩ ተረከዜን ቆረጠው።

መሪጌታ ቤት ስንደርስ ከዛፎቹ ሥር የተማሪዎቹ ዜማ ይሰማል። እሳቸው ገና ከማስተማር አልተነሱም። ሚስታቸው ወይዘሮ የሺ ተቀበሉን። በአንገታቸው በክር የታሰረ ትንሽ ስልክ ተንጠልጥሏል። ኔትወርክ እንደሌለ እያወቁ በየጊዜው ያነሱትና ያዩታል። እግሬን ሲያዩ ውኃ አሙቀው፣ ገበታ አምጥተው፣ በርከክ ብለው እግሬን ማጠብ ጀመሩ። «ኧረ እርስዎ፣ ይተዉ!» ብዬ ልስብ ስል ቁርጭምጭሚቴን ጠበቅ አድርገው ያዙት። «እንግዳ ነሽ» አሉ። ቤታቸውን በርካሽ ልገዛቸው የመጣሁትን ሴት እግር የሚያጥቡት ሴትዮ ልጃቸው በሰንሰለት ላይ ናት። አንገቴን ደፍቼ ውኃው ሲደፈርስ አየሁ።

ዓርብ ጾም ነው፤ የተቀቀለ ድንች በአዋዜ፣ የገብስ ዳቦ፣ ጠላ አቀረቡ። ድንቹ እንደ ዱቄት የሚፈርስ ነው፤ ድሬ የሚመጣው ድንች ከእሱ ጋር በአንድ ስም መጠራት የለበትም። መሪጌታ ገብተው ባርከው እስክንበላ ጠበቁ። ከዚያ እኔ ብድግ አልኩ።

«አባቴ፣ ረቡዕ ዕለት ስላጠፋሁት ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኛ አገር አንቱታ አልለመደብንም።»

«ሰምቻለሁ፤ ተቀመጭ» አሉኝ። «እኛስ ብንሆን እግዚአብሔርን አንተ አይደል የምንለው?»

እንዳላማው መሳቅ ፈልጎ ፈራ። መሪጌታ መቋሚያቸውን በጉልበታቸው ላይ አጋደሙና በቀጥታ ጠየቁኝ፤ «ሞላ እስከ ስንት ይወርዳሉ አለሽ?»

መዋሸት እችል ነበር። «ስድስት መቶ» አልኩ።

«እውነቱን ነው። እወርዳለሁ። ከዚያም በታች እወርዳለሁ። ሸጬ የማስለቅቅበት ቤት ስላለኝ አመሰግናለሁ፤ የሌለው አለ።» ወይዘሮ የሺ ከጓዳው በር ላይ ቆመዋል። «ስለ ልጄ ሰምተሻል መሰል። እሷን ተያት። ስለሷ ብለሽ ብትጨምሪልኝ ምጽዋት ነው፤ ስለሷ ብለሽ ብትቀንሺብኝም ያው ፍርዱ የአንች ነው። ነጋዴ ነሽ አሉኝ። እንደ ነጋዴ ንገሪኝ፤ ያ ቤት ስንት ያወጣል?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ተጠይቄ አላውቅም። ሻጭ ዋጋ ይጠራል፣ ገዢ ይቀንሳል፤ እውነተኛው ዋጋ በሁለቱም ሆድ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። የእሱ መቀበር ነው ገበያ የሚባለው። እንዳላማው ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሳም። ሰላም በዓይኔ መጣች፤ የተሰነጣጠቀ እጇ፣ «ቶሎ እመለሳለሁ» ያለችበት ድምጿ። ስድስት መቶ ብል ማንም አይወቅሰኝም። እሳቸውም አይወቅሱኝም።

«ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ያወጣል» አልኩ።

እንዳላማው በረጅሙ ተነፈሰ። መሪጌታ መቋሚያቸውን ከጉልበታቸው አነሱ። «ጓዳው ጋ ጣሪያው ያፈሳል» አሉ። «በጋ ስለሆነ አላየሽውም። ሃምሳውን አንሽው።»

«አባቴ…»

«አንሽው። ክረምት ሲመጣ እንዳትረግሚኝ።»

ዘጠኝ መቶ ሆነ። በዚያች ሰዓት ደስታ አልነበረም፤ ሁላችንም የምናስበው ሌላ ነገር ነበር። ገንዘቡ ባንክ ነው፤ ባንክ ያለ ኔትወርክ አይሠራም፤ እሑድ ከነገ ወዲያ ነው። ደብረ ታቦር ኔትወርክ እንዳልጠፋ የሰማ ሰው አለ። ነገ እዚያ መድረስ አለብን። እንዳላማው ግን ሌላም ነገር ነበረው። «ስሙ ሳይዛወር ብር አይከፈልም» አለ። መሪጌታ «ልክ ነህ» አሉት። የከተማው ጽሕፈት ቤት ግን እስከ ሰኞ ዝግ ነው። ሰኞ ደግሞ ለማስተዋል ረፍዷል። ከዚያ እንዳላማው፣ ያ መሬት መሬት የሚያየው ሰው፣ ቀና ብሎ «ይከፈላቸው። ዋሱ እኔ ነኝ» አለ።

ሁለት ቄሶች ምስክር ሆነው ውል ተጻፈ። መሪጌታ የቤቱን ካርታ ከመጻሕፍት መካከል አውጥተው ሰጡኝ። እዚያው አደርን። ወይዘሮ የሺ ስልኩን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ነው የተኙት።

ቅዳሜ

ጎህ ሲቀድ ተነሳን። መሪጌታ የሚስታቸውን ስልክ በኪሳቸው ያዙ። በጭነት መኪና ተሳፍረን ነፋስ መውጫ፣ ከዚያ ሚኒባስ ለውጠን ወደ ደብረ ታቦር። ሾፌሩ እንደ ለመደው ከፊት የሚመጣውን «እንዴት ነው?» ይላል፤ አሁን ግን ከእሱ በላይ መልሱን የምጠብቀው እኔ ነኝ። ጉና ላይ ስልኬን አየሁ፤ የለም። ከተማው ሲታይ አየሁ፤ የለም። መናኸሪያ ገብተን ልንወርድ ስንል ኪሴ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ጀመር። የሰላም መልእክት፣ በላዩ ሌላ፣ በላዩ ሌላ።

ባንኩ ውስጥ ሰልፉ እስከ በር ነው። ተራችን ሲደርስ የባንኩ ልጅ «ሲስተም የለም፤ ትንሽ ጠብቁ» አለች። መሪጌታ ወንበር ቢሰጧቸው አልተቀመጡም። ሰላም የደወለችው ያን ጊዜ ነው። ወደ ውጭ ወጥቼ ሁሉንም ነገርኳት። በስድስት መቶም እንደሚሸጡ ማወቄን አልደበቅሁም።

«ከዘጠኝ መቶ በታች ካልሆነ ተይው ነበር ያልኩሽ!» አለችኝ። «አልሰማሁሽም፤ ተቋረጠ» ብላት አልሰማችኝም። «ስድስት መቶ እያለ? ሮሚ፣ ሦስት መቶ ሺህ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? በየትኛው እጄ እንደ ሠራሁት ታውቂያለሽ?» አለቀሰች። ካገር ከወጣች ወዲህ ስታለቅስ ሰምቻት አላውቅም። ሂሳቡ በስሜ ነው፤ ሳልጠይቃት መክፈል እችላለሁ። ግን «አልከፈልኩም። አንቺ ካላልሽ አልከፍልም» አልኳት። ይህን ስል በመስታወቱ ውስጥ የመሪጌታ ጀርባ ይታየኛል።

አፍንጫዋን ስትጠርግ ተሰማኝ። ከዚያ፣ «ልጅቷ ስንት ዓመቷ ነው?» አለች።

«ሃያ አንድ።»

«ክፈያቸው» አለች። «ዛሬ ግን መልሰሽ አትደውይልኝ።»

ሲስተሙ ተመለሰ። ገንዘቡ ከእኔ ሂሳብ ወደ እሳቸው፣ ከእሳቸውም የሚበዛው ሁላችንም ወደማናውቀው ሰው ሂሳብ ሄደ። የባንኩ ልጅ የተቀባዩን ስም ጮክ ብላ ስታነብ መሪጌታ «አዎ» አሉ፤ ያን ስም ዕድሜያቸውን ሙሉ የሚያውቁት ይመስል። ከዚያ የቤቱን ቁልፎች ከኪሳቸው አውጥተው በእጄ አስቀመጡ፤ የቤቱን፣ የጓዳውን፣ የሱቁን።

ስሙ ያለ ችግር መዛወሩን እንዳላማው የነገረኝ ድሬ ከተመለስኩ በኋላ ነው። ማስተዋል መለቀቋንም ያኔ ሰማሁ፤ አገሯ ግን አልገባችም፣ ከዚያው ሳውዲ ተሻግራ ሥራ ይዛለች አሉ። ሰላም አሥራ አምስት ቀን ቆይታ ደወለችልኝ፤ የመጀመሪያ ቃሏ ስለ ጣሪያው ነበር፣ ከክረምት በፊት ይጠገን አለች። ያን ቅዳሜ ግን ከዚህ ሁሉ አንዱንም አናውቅም ነበር።

ባንኩ ደጃፍ ላይ ቆመን ሻይ እንጠጣ አንጠጣ ስንል ትንሿ ስልክ ጮኸች። መሪጌታ ለእንዳላማው ሰጡ፤ እሱም ስፒከሩን ከፍቶ አነሳው፤ ድምፁ ለሁላችንም ተሰማ። መጀመሪያ የወንድ ድምፅ፣ በዓረብኛ። ቀጥሎ ቀጭን የሴት ድምፅ።

«አባባ?»

«አለሁ ልጄ።»

«አባባ፣ ሰምተውኛል? ቤቱን እንዳይሸጡት። እኔ እችለዋለሁ። ቤቴን እንዳይሸጡብኝ።»

እንዳላማው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ቁልፎቹ እጄ ውስጥ ነበሩ፤ እንዳይንቃጨሉ አጥብቄ ጨበጥኳቸው።

መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ቤቱ እንደቆመ ነው ልጄ» አሏት። «ሰው አስገብቼበታለሁ፤ ጣሪያውን የሚጠግን።»

መስመሩ ተቋረጠ። ስልኩን ከእንዳላማው ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ዋሸኋት?» አሉኝ።

«አልዋሹም አባቴ» አልኳቸው።